ምዕራፍ አምስት፦ እስከ ስንተኛ ክፍል?

በምሥራቅ ወለጋ ገጠር የበኩር ልጅ ስምንተኛ ክፍል ሲደርስ ቤተሰቡ ስለ ቤት መነጋገር ይጀምራል። የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ለመንደሩ ቅርብ ነው፤ ልጁ ከብቱን አሰማርቶ፣ ውሃውን ቀድቶም ይደርሳል። ዘጠነኛ ክፍል ግን ብዙውን ጊዜ የሚገኘው ከተማ ነው። ለኪራሙ ወረዳ ቀበሌዎች ከተማ ማለት የወረዳው መቀመጫ ኪራሙ ነው፤ ዘመድ ያለው ደግሞ ጊዳ አያናን ያስባል፤ አቅሙ የፈቀደለት እስከ ነቀምቴ ይመኛል።

መንገዱ አራት ነው። ልጁ በየቀኑ በእግሩ ይመላለሳል። ወይም ከአገሩ ልጆች ጋር ሦስት አራት ሆኖ አንዲት ክፍል ይከራያል። ወይም አክስቱ ዘንድ ይጠጋል። ወይም አባት ከተማ ውስጥ ቤት ይገዛል።

በእግር መመላለስ እስከ ክረምት መግቢያ ያስኬዳል፤ ወንዝ ሲሞላ ይቆማል። ኪራዩን ወለጋ ውስጥ የተማረ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፦ ዓርብ ከሰዓት ወደ አገር ቤት፣ እሑድ ማታ ስንቅ ተሸክሞ መመለስ። በሶው፣ ሽሮው፣ ቂጣው እስከ ረቡዕ ይበቃል፤ ሐሙስና ዓርብ በብድር ነው። የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ምድጃው ላይ አጎንብሶ ሲያበስል መብራቱ ይጠፋል፤ የፊዚክሱ የቤት ሥራ ለነገ ይተላለፋል። ለሴት ልጅ ኪራዩ ከዚህም የከፋ ነው። ወላጅ በሩ በማይቆለፍ ክፍል ሊያስቀምጣት ይፈራል፤ ሲፈራም ወደ ዘመድ ቤት ይሰዳታል። እዚያ ደግሞ ቡና ስታፈላ፣ ሕፃን ስታዝል፣ እንግዳ ስታስተናግድ ትመሻለች፤ ስሟ ተማሪ ነው፣ ሥራዋ ግን የቤት ሠራተኛ ነው። ዘመዱ ክፉ ሆኖ ላይሆን ይችላል። አንድ ትርፍ እጅ ቤት ውስጥ ሲኖር ሥራው ራሱ እየፈለገ ይመጣበታል።

ስለዚህ አባት ያሰላል። አምስት ልጆች በሁለት በሁለት ዓመት ልዩነት ቢወለዱ፣ የመጀመሪያው ዘጠነኛ ክፍል ከገባበት የመጨረሻው አሥራ ሁለተኛን እስከሚጨርስበት ድረስ 12 ዓመት ያልፋል። የ12 ዓመት ኪራይ፣ የ12 ዓመት ስንቅ፣ የ12 ዓመት ሐሳብ። ሁለት በሬ ሸጦ፣ የበቆሎውንና የሰሊጡን ገንዘብ ጨምሮ አንድ ባለ ሁለት ክፍል የጭቃ ቤት መግዛት ያኔ ቅንጦት መሆኑ ይቀራል። ቤተሰቡ እርሻውን አይለቅም፤ አያት ወይም ታላቅ እህት ከልጆቹ ጋር ከተማ ትገባለች፤ እናት በገበያ ቀን እህል ይዛ ትመጣለች። በዓለም ዙሪያ ስለ ትምህርት ቤትና ስለ ቤት ግዢ የተጻፈው ምክር አንድ ቤት፣ አንድ ቤተሰብ፣ አንድ ሰፈር ብሎ ነው የሚነሣው። የወለጋው ገዢ አንድ ቤተሰብ ለሁለት ከፍሎ ነው ቤት የሚገዛው። ይህን ሳንይዝ ምክር ብንሰጠው አንሰማማም።

የውጩን ዓለም ግን አንዴ ማየቱ አይጎዳም፤ ዘመዶቻችንም እዚያ ናቸውና። አሜሪካ ውስጥ የመንግሥት ትምህርት ቤት ገቢ ጉልህ ክፍል የሚመጣው ከአካባቢው የቤትና የቦታ ግብር ነው፤ ልጅ የሚመዘገበውም በመኖሪያ አድራሻው ነው። ሜሪላንድ፣ ሞንትጎመሪ ካውንቲ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር ሐበሻ ቤት ከመግዛቱ በፊት የቤቱን ቁጥር አስገብቶ የትኛው ትምህርት ቤት እንደሚደርሰው ያያል። የካውንቲው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ለወላጆች የሚጽፈውን ማስታወቂያ በአማርኛም ያወጣል፤ ምን ያህል ኢትዮጵያዊ ወላጅ በዚያ ወሰን ውስጥ እንዳለ ከዚህ መገመት ይቻላል። ሳንድራ ብላክ የተባለች የምጣኔ ሀብት ተመራማሪ በፈረንጆች 1999 ባወጣችው ጥናት በቦስተን ዙሪያ አንድ ዓይነት ሰፈር ላይ ሆነው የትምህርት ቤት ወሰን የሚለያቸውን ቤቶች አነጻጸረች። የፈተና ውጤት በአምስት ከመቶ ከፍ ባለበት ወገን ወላጆች ለቤቱ ሁለት ተኩል ከመቶ ገደማ ጨምረው ይከፍላሉ። መንገዱ ያው፣ ዛፉ ያው፣ ጎረቤቱ ያው ነው፤ ልዩነቱን ያመጣው ካርታ ላይ የተሰመረ መስመር ነው።

የሴኡሉ ታሪክ ደግሞ ለእኛ የበለጠ ይቀርባል። የደቡብ ኮሪያ መንግሥት በፈረንጆች 1970ዎቹ ከሐን ወንዝ ደቡብ ያለውን ጋንግናምን ሊያለማ ፈለገ፤ ሕዝቡ ግን የእርሻ መሬት ወደነበረው ቦታ መሻገር አልፈለገም። መንግሥት ስመ ጥር ትምህርት ቤቶችን ወንዙን አሻገራቸው፤ ታዋቂው ክዩንጊ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በፈረንጆች 1976 ተዛወረ። ወላጅ ተከተለ። ዛሬ ጋንግናም የአገሪቱ ውድ ሰፈር ነው።

ወለጋም ትምህርት ቤት ሰው ሲስብ ያየችው ዛሬ አይደለም። ኦኔሲሞስ ነሲብ በአፋን ኦሮሞ የተረጎመው መጽሐፍ ቅዱስ በስዊዘርላንድ ከታተመ ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ በ1896 ዓ.ም. ገደማ ወደ ወለጋ ተመልሶ በደጃዝማች ኩምሳ ሞሮዳ (ገብረ እግዚአብሔር) አገር በነቀምቴ ማስተማር ጀመረ። ከእርሱ ጋር የሠራችው አስቴር ጋኖ ቀደም ብላ ለጀማሪ አንባቢዎች የሚሆን መጽሐፍ አዘጋጅታ ነበር። ከካህናት ክስ ቢነሣበትም ትምህርቱ አልጠፋም፤ በቦጂም፣ በሌሎችም የወለጋ ቦታዎች ሚሲዮን ትምህርት ቤት ባቆመበት አካባቢ ሰው ተሰበሰበ። ዛሬ ነቀምቴ የመምህራን ኮሌጅ አላት፤ ወለጋ ዩኒቨርሲቲ በ1999 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህም በነቀምቴ፣ በጊምቢና በሻምቡ ካምፓሶቹ ዙሪያ የቤት ኪራይ ገበያው ከተማሪ ጋር ይወጣል፣ ይወርዳል።

ታዲያ የቦስተኑ መስመር ለምን እኛ ዘንድ የለም? አንዱ መልስ ሐምሌ 1967 ነው። ደርግ በአዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን ሲወርስ ለአንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤት ብቻ ቀረለት። ከተወረሱት ቤቶች ብዙዎቹ የቀበሌ ሆኑ፤ ኪራያቸው እጅግ ዝቅተኛ በመሆኑ የገባባቸው ሰው አልለቀቃቸውም። ሀብታምና ድሃ በአንድ አጥር ተጎራብቶ፣ ልጆቹን ወደ አንድ ትምህርት ቤት ላከ። በዚያው ጊዜ የግል ትምህርት ቤቶችም ተወረሱ። ለድሃው የሚጠቅም ጎን ነበረው ብዬ አምናለሁ፤ የሰፈር ስም የልጅን ዕጣ እንዳይወስን አድርጓል። ከኋላው ደግሞ የማይታደስ ቤትና የተጨናነቀ ክፍል ተከተለ። በ1990ዎቹ አጋማሽ የተጀመረው የአዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ይህን ልማድ በሌላ መልክ ቀጠለው። የት እንደምትኖር የሚወስነው ዕጣ ነው፤ የቦሌ ልጅ ኮዬ ፈጬ ይደርሰዋል።

ዕጣ መሆኑ ለተመራማሪ መልካም አጋጣሚ ፈጠረ። ያሸነፈና ያላሸነፈ ተመዝጋቢ በሌላ ነገር ስለማይለያይ ቤት ለልጅ ትምህርት ምን እንደሚያደርግ ማየት ይቻላል። በዚህ መንገድ የተደረገ ጥናት የባለዕድሎች ልጆች ሁለተኛ ደረጃን የማጠናቀቅና ከዚያ በላይ የመማር ዕድላቸው ከፍ ብሎ አግኝቷል። ብዙ ባለዕድሎች ደግሞ የደረሳቸው ቤት ውስጥ አይገቡም፤ ያከራዩታል። እኔ ከዚህ የምወስደው ትምህርት ለኪራሙም ይሠራል፦ ቤት ለልጅ የሚጠቅመው በአካባቢው ብቻ አይደለም። ቤት ያለው ወላጅ ልጁን ለሥራ ብሎ ከትምህርት አያወጣም፤ የሚከራይ ክፍል ካለው ደብተር መግዣ አያጣም።

አሁን ወደ ውጤቱ እንምጣ፤ ብዙ ወላጅ መጀመሪያ የሚጠይቀው እርሱን ነውና። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ መሰጠት ሲጀምር፣ በ2014 ዓ.ም. ከተፈተኑት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ቁጥሩ 3.2 ከመቶ ሆነ፤ 1,328 ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። በቀጣዮቹ ዓመታት መጠነኛ መሻሻል ታየ። ሁሉንም ያሳለፉት ጥቂቶች ናቸው፤ ከእነዚህ ውስጥ ልጆችን አስቀድመው በፈተና መርጠው የሚያስገቡ አዳሪ ትምህርት ቤቶች ይገኙበታል። አጥሩ አጠገብ ቤት ቢገዙ ልጅዎ አይገባም፤ የሚገባው በፈተና ነው።

ስለዚህ ለቤት ገዢ ይህ ቁጥር ብዙ አይነግረውም። አንድ ትምህርት ቤት ሁለት ሰው አሳልፎ ጎረቤቱ ዜሮ ቢያመጣ፣ ሁለቱ ልጆች ምናልባት የመምህር ልጆች ነበሩ፤ ምናልባት ነቀምቴ ክረምቱን ማጠናከሪያ ተምረው የመጡ ናቸው። በሁለት ልጅ ውጤት ላይ የአንድ ቤተሰብ ጥሪት አይጣልም። የትምህርት ኢንስፔክሽን ትምህርት ቤቶችን ከአንድ እስከ አራት ደረጃ ይሰጣቸዋል፤ ሦስትና አራት ደረጃውን ያሟሉ ናቸው፤ አብዛኛው የአገሪቱ ትምህርት ቤት ከዚያ በታች ነው። ደረጃውን ርእሰ መምህሩን መጠየቅ ነውር የለውም፤ ወላጅ የመጠየቅ መብት አለው። ግን እርሱም ሁሉን አይነግርዎትም።

እኔ ብሆን ኅዳር ላይ እሄዳለሁ። መስከረም ላይ ሁሉም ትምህርት ቤት ያምራል፤ ግቢው ታጭዷል፣ ልጁ አዲስ ደብተር ይዟል። ኅዳር የአጨዳ ወር ነው። በቆሎ ይሰበሰባል፣ ጤፍ ይታጨዳል። በዚያ ወር፣ ከገበያ ቀን በተለየ አንድ ተራ ማክሰኞ፣ ክፍሉ ውስጥ ስንት ልጅ ተቀምጧል? መምህሩስ? ከተማው ውስጥ የሚኖር መምህር ሰኞም ዓርብም ይገኛል፤ ቤተሰቡን ነቀምቴ አስቀምጦ የሚመላለሰው ዓርብ ቀትር ላይ መናኸሪያ ነው። የሒሳብና የፊዚክስ መምህር አለ ወይስ የባዮሎጂው መምህር ደርቦ ያስተምራል? ያለፈው ዓመት መምህራን ዘንድሮ ስንቶቹ ቀሩ? ትምህርቱ ሙሉ ቀን ነው ወይስ በፈረቃ? በፈረቃ ከሆነ ልጅዎ ግማሽ ቀኑን የሚያሳልፈው በገዙለት ቤት ነው፤ ቤቱ ብርሃን፣ ጠረጴዛና ጸጥታ ካለው ያኔ የትምህርት ቤቱ ግማሽ እርሱ ራሱ ይሆናል። ይህን ሁሉ ለማወቅ ቢሮ መግባት አያስፈልግም። አጥሩ ጎን ሻይ የምታፈላውን ሴት ጠይቋት፤ የሚያረፍደውን መምህር በስሙ ታውቀዋለች።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን የምዕራፉ ርእስ የሆነው ጥያቄ ይመጣል፦ እስከ ስንተኛ ክፍል? በአሁኑ አደረጃጀት የመጀመሪያ ደረጃ እስከ ስድስተኛ፣ መካከለኛው ሰባተኛና ስምንተኛ፣ ሁለተኛ ደረጃ ከዘጠኝ እስከ አሥራ ሁለት ነው። እስከ አሥረኛ ብቻ የሚያስተምር ትምህርት ቤት አጠገብ የገዛ ሰው ከሁለት ዓመት በኋላ ያንኑ ስንቅ እንደገና ይቋጥራል። ይከፈታል የተባለው አሥራ አንደኛ ክፍል እስኪከፈት አይታመንም። ኦሮሚያ ክልል በቅርብ ዓመታት ቡኡራ ቦሩ የተባሉ ቅድመ መደበኛና ኢፈ ቦሩ የተባሉ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችን በብዛት አስገንብቷል፤ አንዱ የተሠራበት ቦታ ዙሪያ የመሬት ዋጋ ወዲያው ይጨምራል። ደላላው ከመሠረት ድንጋዩ ጀምሮ ይዘፍናል። ሕንፃው ቆሞ መምህር ሳይመደብለት የሚቆይበት ጊዜ ግን በደላላው ዘፈን ውስጥ የለም።

ቋንቋም አለ፤ ይህን ማለፍ አይቻልም። በኦሮሚያ ከአንደኛ እስከ ስምንተኛ ክፍል ትምህርት የሚሰጠው በአፋን ኦሮሞ ነው፤ አማርኛ እንደ አንድ ትምህርት ይሰጣል፤ ከዘጠነኛ ጀምሮ እንግሊዝኛ ይሆናል። በከተሞች አማርኛ ተናጋሪ በሚበዛባቸው ቦታዎች በአማርኛ የሚያስተምሩም አሉ። የኪራሙና የአንገር ሸለቆ ሕዝብ የተቀላቀለ ነው፤ በ1977ቱ ድርቅ ማግሥት ከወሎ የሰፈሩ፣ ዓባይን ተሻግረው የመጡ፣ ከጥንት የነበሩ አሉ። በአንዱ ቋንቋ ስድስተኛ ክፍል የደረሰ ልጅ በሌላው ሰባተኛን ሲጀምር፣ የስምንተኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና ሁለት ዓመት ብቻ ይቀረዋል። የቤት ቋንቋው አማርኛ የሆነ ቤተሰብ ለልጁ አፋን ኦሮሞ ከመጀመሪያው ቢመርጥለት በወለጋ ለሥራም ለኑሮም ይጠቅመዋል ባይ ነኝ፤ ግን ውሳኔው በአንደኛ ክፍል ይሁን፤ በቤት ግዢ ሰበብ በሰባተኛ አይሁን።

ሰላሙስ? ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ በምሥራቅ ወለጋ ሰላም በታጣባቸው ዓመታት በኪራሙ ወረዳ ብዙ ሰላማዊ ሰው ተገድሏል፤ ብዙ ሺህ ሕዝብም ተፈናቅሏል፤ የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን በነሐሴ 2013 ያወጣው መግለጫ የሚታወስ ነው። ትምህርት ቤት ተዘግቷል፤ የመማሪያ ክፍል የተፈናቃይ መጠለያ ሆኗል። ለትምህርት ብሎ የተገዛ ቤት ጥለው የሄዱ አሉ። እንዲህ ባለ አካባቢ ቤት የሚገዛ ሰው ከትምህርት ቤቱ ርቀት ጋር አብሮ የመንገዱን ጉዳይ ያጤናል፦ መንገድ ሲዘጋ ልጆቹ የት ናቸው፣ ወላጅስ የት ነው? አንዱ ወገን ገጠር፣ ሌላው ከተማ ተለያይቶ መቅረት ከሁሉ ይከፋል። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተናም በአብዛኛው በዩኒቨርሲቲ ግቢ ስለሚሰጥ፣ ከአራት ዓመት ትምህርት በኋላ ልጁ በዚያችው ሳምንት በሰላም መጓዝ መቻል አለበት። ገንዘብ ያላቸው አንዳንዶች ከኪራሙ አልፈው ነቀምቴ የሚገዙት በዚህ ምክንያት ነው፤ የነቀምቴ ትምህርት ቤት እጅግ ስለበለጠ አይመስለኝም።

ወባንም አትርሱ። ነቀምቴ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር ከፍ ትላለች፤ የአንገር ሸለቆ ግን ቆላ ነው፤ ዝናብ ሲያባራ ወባ ይነሣል፤ የሚነሣውም ትምህርት በተከፈተ ሰሞን ነው። ሁለት ጊዜ የታመመ ልጅ የመጀመሪያውን መንፈቅ ፈተና ሳይዘጋጅ ይቀመጣል። በአንድ ዋጋ ከረግረጉ ዳርና ከጉብታው ላይ ሁለት ቤት ቢቀርብ፣ ከትምህርት ቤቱ አሥር ደቂቃ ቢርቅም ጉብታው ይሻላል።

የሕጉ ነገር አጭር ነው፣ ግን ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚያ ነው። በኢትዮጵያ መሬት አይሸጥም፤ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ላይ ደንግጎታል። የሚሸጠው መሬቱ ላይ ያለው ቤት ነው፤ ከተማ ውስጥ ቦታው በሊዝ ወይም በነባር ይዞታ ይያዛል፤ የመኖሪያ ሊዝ ዘመን 99 ዓመት ነው። አዲሱ ትምህርት ቤት አጠገብ በርካሽ የሚቀርበው ቦታ ብዙውን ጊዜ ከከተማው ክልል ውጭ ያለ የገበሬ እርሻ ነው፤ በሦስት ምስክር ፊት በተፈረመ ወረቀት ይተላለፋል። ያ ወረቀት ማዘጋጃ ቤት ቢሄድ ዋጋ የለውም። በአዲስ አበባ ዙሪያ በእንዲህ ያለ ወረቀት ገዝተው የሠሩ ሰዎች ቤታቸው ሲፈርስ አይተናል። ካርታ የሌለው ቤት፣ በትምህርት ቤቱ በር ላይም ቢሆን፣ ልጁን እስከ አሥራ ሁለተኛ አያደርስም።

ከመግዛት በፊት አንድ ዓመት መከራየት ለሚችል ሰው የተሻለ ፈተና የለም። የበኩር ልጅ ዘጠነኛን በኪራይ ይጨርስ፤ ወላጅ በዚያ ዓመት ሰፈሩንም መምህሩንም ይለያል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 ውሉ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ይላል፤ ክልሎች በሚወስኗቸው ከተሞች ላይ ይሠራል። ተግባራዊ በሆነበት ከተማ ልጅ በዓመቱ አጋማሽ ከቤት ወጣ የሚለው ሥጋት ይቀላል። ተግባራዊ ባልሆነበት ደግሞ የጽሑፍ ውል ቢያንስ ከመስከረም እስከ ሰኔ ይሁን።

የመጨረሻው ልጅ አሥራ ሁለተኛን ሲጨርስ ቤቱ ምን ይሆናል? ከሁሉ የሚበዛው ኪራይ ነው፤ ከሌላ ቀበሌ የመጡ ልጆች ይገቡበታል። ሌላው አያቲቱ ከከተማው መመለስ እንቢ ትላለች፤ ቤተ ክርስቲያኑም ጤና ጣቢያውም ቅርብ ሆኖላታል። ጠብ የሚነሣው ቤቱ በማን ስም ነው ሲባል ነው። ገጠር ያለው አባት መታወቂያው የገጠር ስለሆነ ብሎ ካርታውን በበኩር ልጁ ስም ያወጣል፤ ልጁ ያገባል፣ ቤቱን ይሸጣል፤ እዚያው ቤት ተምረው የወጡት እህቶቹ ምንም አይደርሳቸውም። በትዳር ውስጥ የተገዛ ቤት የባልና የሚስት የጋራ ነው፤ ያለ ሁለቱ ፈቃድ አይሸጥም፤ ካርታውም በሁለቱ ስም ሊወጣ ይችላል። ገጠር ነዋሪ መሆን ለዚህ እንቅፋት ነው የሚል ጸሐፊ ቢያጋጥም በጽሑፍ እንዲሰጥ ይጠየቅ፤ አብዛኛው ጊዜ ጽሑፉ አይመጣም፣ ካርታው ይመጣል።